ወደውት ወሰዱት

ኑሬ ሲደውል ወሬውን የሚጀምረው ሁልጊዜ ከመኪናው ነው፤ ጎማው፣ ትራፊኩ፣ የመናኸሪያው ወረፋ። ያን ዕለት ግን ሰላምታውን አሳጥሮ፣ «ራህመት፣ ጋሽ ዳርጌ ሄዱ» አለኝ።

«የት?» አልኩት።

ሾፌር «ሄዱ» ሲለኝ የሚታየኝ ጉዞ ነው። ኑሬ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ። ያኔ ገባኝና ኢናሊላሂ ብዬ መቀሱን አስቀመጥኩ። ቡታጅራ፣ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ፤ የሰው የሙሽራ ቀሚስ ጉልበቴ ላይ ተዘርግቷል። ሙሽራም ሬሳም ሰው አይጠብቁም። ቀሚሱን አስረክቤ ወልቂጤ እስክደርስ ቀብሩ እንደሚያልፍ እያወቅኩም እጄ አልፈጠነም። ሞት ሲሰማ ሰው ይጮኻል ይባላል፤ እኔን እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ።

ጋሽ ዳርጌን የማውቀው በግድግዳ ነው። ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው መውጫ ፊት ለፊት እሱ ካሴት ይሸጥ ነበር፣ እኔ ጎኑ ልብስ እሰፋ ነበር፤ መሀላችን ያለው አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ነው። መስቃን፣ ቡታጅራ አጠገብ፣ ተወልጄ ወልቂጤ የገባሁት በትዳር ነበር። ትዳሩ አልበረከተም፣ የስፌት መኪናዬ ግን በረከተችልኝ፤ ስለዚህ ወደ ቡታጅራ እስክመለስ ዓመታት እዚያው ቀረሁ። ጋሽ ዳርጌ በዕድሜ አባቴ ባይሆን ታላቅ ወንድሜ ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስለው፣ «አንቱን ለቄስ አድርጊው፣ እኔ ጎረቤትሽ ነኝ» ብሎ አስተወኝ። ጋሽ የምትለዋን ግን ሊያስጥለኝ አልቻለም።

መኪናዬ በእግር የምትረገጥ ናት። እግር ደግሞ ባለቤቱን አያማክርም፤ የሰማውን ይከተላል። ጋሽ ዳርጌ ትዝታ ሲከፍት የኔም ስፌት ያዘግማል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ የዩኒፎርም ክምር ፊቴ ቆሞ፣ እሱ አንዱን እያለቀሰ የሚዘፍን ሰውዬ ሲለቅብኝ ቆርቆሮውን በመቀሴ እደበድበዋለሁ።

«ጋሽ ዳርጌ! ሞቅ ያለ አድርግ እንጂ፣ የሰው ልጅ ራቁቱን ሊማር ነው!»

«ይጨርስ፣ ራህሜ። ሰው ሲናገር አፉ አይያዝም።»

ዘፈን አያቋርጥም ነበር። ይሄን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ገዢ ሲገባ ዘፈኑ መሀል ላይ ከሆነ ሌባ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ያ ሰው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። የቆመው የወረዳ ሹም ሊሆን ይችላል፣ ጫት ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፤ ለጣቱ ሁሉም እኩል ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ጣቱን አውርዶ፣ «አሁን እንዴት ዋልክ?» ይላል። የተቀየሙት ብዙ ናቸው፤ ተቀይመው ግን ሌላ ቦታ የሄዱ አላየሁም። ከሱ ወዲያ ማን ነበር?

ሱቁን የከፈተው ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ነው። በጉራጊኛ የሚወጣ ካሴት ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢወጣም በሬዲዮ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው። ጋሽ ዳርጌ ታዲያ አንድ ዘዴ ነበረው። አዲስ ካሴት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው ለሾፌሮች ነው፣ በነፃ። በተለይ ለኑሬ። ኑሬ ከአዲስ አበባ ወልቂጤ የሚመላለስ ሚኒባስ ነው የሚነዳው፤ ምላሱ የማያርፍ፣ ልቡ ንፁህ የሆነ ልጅ ነው። ካሴቱን መንገድ ላይ ይለቀዋል። ቱሉ ቦሎ ሳይደርሱ አንዱ ተሳፋሪ፣ «ይሄ ዘፈን የማነው?» ይላል። ወሊሶ ላይ ሌላው፣ «የት ይገኛል?» ይላል። ኑሬም፣ «ወልቂጤ፣ ስንወርድ አሳያችኋለሁ» ይላቸዋል። ከሚኒባሱ ወርደው ሻንጣቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው የሚገቡት ጋሽ ዳርጌ ዘንድ ነው። «ሾፌር ከሬዲዮ ይበልጣል» ይል ነበር። «ሬዲዮ ሰምተሽው ታልፊያለሽ፤ ሾፌር ግን በር ድረስ ያመጣልሻል።»

ትልቁ ገበያው መስቀል ነው። እኛ ለአረፋ እንደምንገባው ሁሉ፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል አገር ይገባል። ከአዲስ አበባ፣ ከናዝሬት፣ ከጅማ፣ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣው ሕዝብ ወደ ጉንችሬ፣ ወደ እምድብር ከመበተኑ በፊት ወልቂጤ ላይ ይራገፋል። ለእናት ሻርፕ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለቤቱ አንድ አዲስ ካሴት። ያን ሳምንት ጋሽ ዳርጌ ምሳውን ቆሞ ይበላል። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ድምፁ ተዘግቶ በምልክት ነው ደህና እደሪ የሚለኝ።

ከዚያ ገበያው ወደቀ። እንደ ጥርስ ነው የወደቀው፤ መጀመሪያ ተነቃነቀ።

ለምን ወደቀ ለሚለው ጥያቄ ጋሽ ዳርጌ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የተለየ መልስ ነበረው። ጠዋት የመጣውን፣ «መብራት የት አለና ቴፕ ይከፈታል?» ይለዋል። ከሰዓት የመጣውን፣ «ሽንኩርት መግዣ ያጣ ሰው ዘፈን ይገዛል?» ይለዋል። ዘፋኞቹን የሚያማበት ቀን አለ፤ «አንድ ደህና ይሠሩና በላዩ ዘጠኝ ግርድ ይጨምሩበታል፤ ሰው ለአንዷ ብሎ ሁሉን መሸከም ሰለቸው» ይላል። ኪቦርዱን የሚረግምበት ቀን አለ። ዲሽ የሚረግምበት ቀን አለ፤ «ጆሮ ቀርቶ ዐይን ሆነ፤ ዘፈን ካልታየ አልሰማ አለ» እያለ። ሁሉም እውነት ይመስላሉ፤ ሁሉንም ሰምቼ ስጨርስ ግን አንዱም አይበቃኝም ነበር። ስልኩም መጣ፣ ፍላሹም መጣ፣ ሚሞሪው መጣ። መኪኖቹ የካሴት ማስገቢያቸውን ነቅለው ጣሉ። ለካሴት ይሰለፍ የነበረ ጎረምሳ በቻይና ስልኩ መንገዱን እያናወጠ በሱቁ በር ያልፋል።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ ለሌላ ሰው ሲናገር ያልሰማሁትን ምክንያት ነገረኝ። ወንበሩን ስቦ እኔ ሱቅ ተቀምጦ ነበር። ዝናብ ሲሆን ዘፈን አይከፍትም፤ «ሁለት ሰው ባንዴ አይናገርም» ይላል።

«ራህሜ፣ እኔ ነኝ ያስለመድኳቸው።»

«ምኑን?»

«መቅዳቱን። ሱቁን ስከፍት ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አልነበረኝም? ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ ከዚህም አንድ ከዚያም አንድ መርጬ እቀዳለታለሁ። ‹ዘፈን ይቀዳል› ብዬ በቀይ ቀለም በሬ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈቱ የራሴ ነው።»

«ያኔ ሁሉም ያደርገው ነበር እኮ።»

«ቃሉን ደግሞ አየሽው? ሰረቅኩ የሚል የለም። ቀዳሁ ነው የሚለው። ውሃ ከምንጭ የቀዳ ሰው ሌባ ይባላል? አንቺስ እንስራሽን ሞልተሽ ስትሄጂ ምንጩ ጎደለ ብለሽ ታውቂያለሽ? ያን ቃል ይዘን ነው የገባንበት። ሌላ ቃል ቢሆን ኖሮ ምናልባት እናፍር ነበር።»

«ጋሽ ዳርጌ፣ ዘመኑ ነው እንጂ...»

«ዘመን እግር የለውም፤ ሰው ነው ተሸክሞ የሚያመጣው» አለና ዝናቡ አባርቶ እንደሆነ ሊያይ ወጣ።

ይሄን ሁሉ እያወቀ ነው እንግዲህ አስካለን ያመጣት።

አስካለን የሰማት አገሩ ነው፣ ጉንችሬ። ለመስቀል ገብቶ፣ በጀፎረው ላይ፣ በመንደሩ ሰፊ መንገድ ማለት ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ሲጫወት ድምፅ ሰማ። ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ ቆጮ የምትሸጥ፣ በዕድሜ ከሱ የማታንስ ሴት ናት። ዘፈኖቹን ራሷ ነው የምታወጣቸው። «ድምፅሽን በካሴት ላውጣው» ሲላት ሳቀችበት።

«እኔን ማን ይሰማኛል? የገዛ ልጆቼ ዝም በይ ይሉኛል።»

«አገር ይሰማሻል። ድምፅሽ የማይገባበት ቤት አይኖርም» አላት። «የተረፈውን ደግሞ ሁለተኛ ካሴት እናወጣዋለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ልጅ ሆነ። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፣ ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ የያዘውን ይዞ ሲመክር የሚመክረው ከኔ ጋር ነው። እኔ ደግሞ ምክሬ ቀላል ነበር፦ ተው። «ሰው በነፃ የሚያገኘውን ማን ይገዛል?» አልኩት። «ይሄን አያገኘውም፣ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው» አለኝ። አስካለን አዲስ አበባ ወስዶ አስቀረፀ። ለሽፋኑ ፎቶ የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ስለካት እጆቿን ወደ ላይ ማንሳት አፍራ ስንት ጊዜ አስለመነችኝ። ያለውን ሁሉ አፍስሶ ካሴቱንም ሲዲውንም አሳተመ። ከተሸጠ ሱቁ ይተርፋል፣ ሁለተኛውም ይሠራል። ካልተሸጠስ ስለው ስለ ሱቁ አላነሳም፤ «ከጓዳዋ ያወጣኋትን ሴት በየትኛው ፊቴ አያታለሁ?» ነው ያለኝ።

መስቀል ሲቃረብ እንደ ልማዱ ሾፌሮቹን ጠራ። ካሴት ማጫወቻ የቀረለት መኪና ስለሌለ ዘፈኖቹን በፍላሽ አድርጎ ለኑሬ ሰጠው። እጁን ይዞ፣ «አደራ ኑሬ፣ አዳርስልኝ» ሲለው እሰማለሁ። ኑሬም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ወላሂ ጋሽ ዳርጌ፣ ያልሰማ ሰው ካለ እኔን ይጠይቁኝ» አለ።

አዳረሰ።

መኪኖቹ ከአዲስ አበባ መግባት የጀመሩ ቀን ጋሽ ዳርጌ ካሴቶቹን በሩ ላይ ደርድሮ፣ የአስካለን ፎቶ ለጥፎ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። የመጀመሪያው ሚኒባስ ሲራገፍ ሰዎቹ ዘፈኑን እያንጎራጎሩ ነበር የወረዱት። የአስካለን ዘፈን! አንዷ ሴትዮ ሻንጣዋን እየጎተተች ትከሻዋን ትነቀንቃለች። ጋሽ ዳርጌ ቆርቆሮውን ደበደበብኝ።

«ራህሜ! ሰማሽ? ዘፈኑ ከሰዎቹ ቀድሞ ደረሰ!»

ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ሰዎቹ መጡ፣ በበሩ አለፉ፣ ሄዱ። ሁለተኛው መኪናም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ዘፈኑ ከየኪሱ ይሰማል፤ መናኸሪያው ከዳር እስከ ዳር አስካለ ሆነ፤ አንዱ ስልክ አንዱን እየቀደመ፣ አንዱ ስልክ ከአንዱ እየዘገየ። እስከዚያ ድረስም አልገባውም ነበር። «ተርበው ነው፣ ክትፎውን በልተው ይመለሳሉ» ይለኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አይደል የሚባለው።

በስተመጨረሻ አንድ ጎረምሳ ገባ። ጋሽ ዳርጌ ብድግ አለ። የአስካለ ዘፈን ከስፒከሩ እየወጣ ነው፣ መሀሉ ላይ ደርሷል፤ ጣቱን ግን አላነሳም።

«ባዶ ሚሞሪ አለ?» አለ ጎረምሳው።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ይቺን ዘፈን ልቀዳባት ነበር። የኔ ስልክ ሞልቶብኝ መንገድ ላይ አመለጠችኝ።»

ያኔ ነው ኑሬ የደረሰው። ከመኪናው ዘሎ ወርዶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ እያበራ መጣ።

«ጋሽ ዳርጌ! የምስራች! ሁሉም ወደውት ወሰዱት!»

«እንዴት ወሰዱት?»

«ወሊሶ ምሳ ስንቆም አንዱ ላፕቶፕ ይዟል፤ ከፍላሹ ገለበጥንለት። ከዚያ በብሉቱዝ፣ ለዚህም ለዚያም... የሌሎቹ መኪና ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ወሰዱ። እስከ ኋላ ወንበር ያልደረሰው የለም። አዳርስ ብለውኝ የለ? አዳረስኩት!»

እኔ ኑሬን ልገለው ነበር። አፌን ስከፍት ጋሽ ዳርጌ ጣቱን አነሳብኝ፤ ያችን ሌባ ጣት። አስካለ ዘፈኗን እስክትጨርስ አራታችንም ቆመን ጠበቅን። ስታበቃ ለጎረምሳው ባዶ ሚሞሪ አውጥቶ ሸጠለትና፣ «ይሁን ኑሬ፤ አዳርስ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለ። ኑሬ ምን እንዳጠፋ የገባው ከስንት ቀን በኋላ ነው፤ ከገባው በኋላ ደግሞ በዚያ ሱቅ በር ሲያልፍ ጥሩምባ መንፋት ተወ። ፖሊስና ሹማምንት ሕገ ወጥ ቅጂ እንሰበስባለን ብለው በየሱቁ የዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

መስቀል አልፎ ሰው ወደየከተማው ሲመለስ፣ አስካለ ልትጠይቀው እየመጣች እንደሆነ ተሰማ። ጋሽ ዳርጌ በጠዋት ያልተሸጡትን የካሴት ካርቶኖች ተሸክሞ እኔ ሱቅ ገባ።

«አንቺ ዘንድ ይዋሉልኝ።»

ምንም አልጠየቅኩትም። ደርድሬ የመጋረጃ ጨርቅ አለበስኳቸው። አስካለ መጣች፤ ያንኑ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ፣ ቅቤና ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ። እሱ ሱቅ የሚቀመጥበት ስለሌለ እኔ ዘንድ ገባችና ወንበር ሳላቀርብላት ጨርቁ ላይ ቁጭ አለች። በገዛ ድምፅዋ ላይ ተቀመጠች። እንዳትነሳ ብዬ ሻይ አስመጣሁ፣ እንድትነሳም ፈለግኩ።

«ልጄ፣ እንዴት ያለ ነገር አየሁ መሰለሽ!» አለችኝ። «መኪና ውስጥ አንዱ ልጅ ዘፈኔን ከፈተ። አጠገቡ ነኝ እኮ! አያውቀኝም። ያ ልጅ ዐይኑን ጨፍኖ አብሮኝ ሲዘፍን እንባዬ መጣ።»

ጋሽ ዳርጌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «አልቋል አስካለ፤ አንድም አልቀረም» አላትና በፖስታ የታሸገ ነገር ሰጣት። ድርሻሽ ነው አላት። ጠዋት በሱቁ በር ሳልፍ ዘፈን የሚለቅበት ትልቁ አምፕሊፋየር ከመደርደሪያው ላይ እንደሌለ አይቼ ነበር፤ የት እንደሄደ ያኔ ገባኝ። አስካለ ፖስታውን ሳትከፍት መቀነቷ ውስጥ አስገባች።

«ሁለተኛውን መቼ ነው የምንሠራው?»

«ትንሽ ድምፅሽን አሳርፊ።»

ከዚያ በኋላ ነው ጋሽ ዳርጌ ለመስቀል አገር መግባት የተወው። ይሄ ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። በኛ በኩል ለአረፋ አገሩ ያልገባ ሰው ወይ ታሟል ወይ ታስሯል ይባላል፤ በነሱም ለመስቀል ያው ነው። መጀመሪያው ዓመት አሞኛል አለ። በሁለተኛው ሥራ በዛብኝ አለ፤ ሥራ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ሰበብ መፈለጉም ሰለቸው። ልጆቹ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ አቅፈው ስመውት፣ ወደ ጉንችሬ አልፈው ይሄዳሉ። ከተማው ባዶ ሲሆን እሱና እኔ እንቀራለን፤ እኔ ሙስሊሟ ለመስቀል ምሳ እሠራለታለሁ። «አንቺም ለአረፋ ቅሪና ውለታሽን ልመልስ» ይለኛል፣ እየሳቀ። ሳቁ እያደር እያጠረ ሄደ።

ከጉንችሬ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ መልእክት ይዞ ነው የሚመጣው። «አስካለ ‹ሁለተኛው መቼ ነው?› ብላሃለች።» ሁልጊዜ ያው ነው፣ ቃሉ እንኳ አይለወጥም። መልእክቱ በደረሰው ቀን ሱቁን ዘግቶ እኔ ዘንድ ይመጣና የስፌት መኪናዬ መንኮራኩር ሲዞር እያየ ይቀመጣል። እኔም በይሉኝታ አልጠይቀውም። ሄደህ እውነቱን ንገራት ለማለት ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

ኋላ ላይ እሱም እንደሌላው ኮምፒውተር ገዛና «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። «ድሮ የሚጫነው አህያ ነበር» ይለኛል፤ «ዛሬ ዘፈን ነው። ችግሩ የቱ ጫኝ የቱ ተጫኝ እንደሆነ አልለይ ብሎኛል።» የፈለጉትን ይጭንላቸዋል፤ በመቶ የሚቆጠር ዘፈን ባንድ ጊዜ አጉርልኝ ለሚል ሁሉ ያጉርለታል። የአስካለን ሲጠይቁት ግን፣ «የለኝም» ነው መልሱ።

«እንዴ፣ ሁሉም ጋ አለ እኮ!»

«እንግዲያው ከሁሉም ውሰድ።»

ጣቱን ማንሳት ያን ጊዜ ነው የተወው። ሰው እየገባ ዘፈኑን መሀሉ ላይ ይቆርጠዋል፣ ሌላ ይጀምራል፣ እሱንም ይቆርጣል፤ እሱ ዝም ብሎ ያያል። እኔ በቆርቆሮው በኩል እየሰማሁ እግሬ ይወላከፍብኝ ነበር። እናቴ ታማ ወደ ቡታጅራ ስመለስ፣ ዕቃዬን መኪና ላይ ያሳቀለኝ እሱ ነው። «ማን ቆርቆሮ ይደበድብልኛል አሁን?» አለ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

የሙሽራዋን ቀሚስ አስረክቤ ወልቂጤ ለቅሶው ቤት የደረስኩት በጉብሬ በኩል አቧራ ጠጥቼ ነው። ቀብሩ አልፏል። ነፍስ ይማር ብዬ ልጆቹን አቅፌ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ነጠላ ያዘቀዘቀች አሮጊት አለች። ቀና ስትል አስካለ ናት። ከስታለች፣ ጥርሷ ጎድሏል። እጄን ያዘች፣ አልለቀቀችም።

መሀል ላይ የአንዱ ስልክ ጠራ። የስልኩ ጥሪ የአስካለ ዘፈን ነበር። ልጁ ደንግጦ ኪሱን እየዳበሰ፣ ስልኩን ከየት እንደሚያወጣው ጠፍቶት ዘፈኑ ድንኳኑ ውስጥ ጮኸ። የዘፈኑ ባለቤት እዚያው እንደተቀመጠች የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። እኔ በሷ ፈንታ አፈርኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ይቅርታ አድርጊለት፤ ልጅ ነው» አልኳት።

«ምን ይቅርታ አለው? ስንት ዓመት የሰማሁት አይደል። የኔም ጎረቤቶች ስልካቸው እንዲህ ነው የሚጠራው። መጀመሪያ እንኳ ለኔ የደረሰኝ በስልክ ነው፤ ገበያ ላይ ልጆቹ ሲቀባበሉት። ካሴት የገዛ ሰው በዐይኔ አላየሁም።»

«መቼ? ያን መስቀል?»

«ያን መስቀል ነዋ።»

ሻይ ያስመጣሁላት ቀን ታውቅ ነበር ማለት ነው። አልቋል ሲላት፣ ፖስታውን ሲሰጣት፣ ታውቅ ነበር። ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም።

«ካወቅሽ ታዲያ ለምንድን ነው በየጊዜው ‹ሁለተኛው መቼ ነው› እያልሽ የምትልኪበት?»

አስካለ እንደ ሞኝ አየችኝ።

«ምን ብዬ ልጥራው? መስቀል በመጣ ቁጥር ልጆቹ ይመጣሉ፣ እሱ የለም። ቤቱ ተዘግቶ ሣር በቅሎበታል። ‹አገርህ ግባ› ብዬ እኔ ባል የሞተብኝ ሴት ልላክበት? አገር ምን ይላል? ሥራ አለ ካልኩት ሥራ ወዳድ ነው፣ ይመጣል ብዬ ነው። ሁለተኛ ምን ያደርግልኛል? እኔ እንዲመጣ ነው።»

መልእክቷ በደረሰው ቁጥር ሱቁን ዘግቶ የት ይቀመጥ እንደነበር አፌ ላይ መጣ። መንኮራኩሩ ሲዞር ሲያይ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበርም ትዝ አለኝ። እጄን እንደያዘች ናት፤ መልስ እየጠበቀች ታየኛለች።

«መምጣት ይፈልግ ነበር» አልኳት።

ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም።